የስንጥቅ ሩጫና የባልጩት ምስክርነት

ምንባብ

በጁባ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ ጀበል ኩጁር የሚባል ድንጋያማ ተራራ ይገኛል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ በነበሩት ዓመታት በከተማዪቱ የግንባታ ሥራ ሲስፋፋ፣ በዚህ ተራራ ሥር ድንጋይ እየፈለጡና ጠጠሩን እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙ ሴቶች ታይተዋል። ዋና መሣሪያቸው መዶሻ ነው። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ሲመታ ዝም ይላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲመታም እንዲሁ ነው። ከዚያም በአንዱ ምት በድንገት ለሁለት ይከፈላል። በመዶሻው ምትና በድንጋዩ መከፈል መካከል ምን እንደ ተፈጸመ ግን የማንም ዐይን አያየውም።

እንዲህ ያለው ድርጊት ከድንጋይ መፍለጫ ስፍራ ውጭም ያጋጥማል። በብርድ ጧት የፈላ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ በድንገት ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። የሸክላ ምጣድ ሳይታሰብ ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል። የመስኮት መስተዋት በአንዲት ጠጠር ተመትቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጣጠቃል። በእነዚህ ሁሉ የሚታየው ከስብራቱ በፊት የነበረው ሙሉ አካልና ከስብራቱ በኋላ የቀረው ስባሪ ብቻ ነው። መካከሉ ተሰውሯል።

የሰው ልጅ ይህን የተሰወረ መካከል ለማየት በልዩ ልዩ የሙከራ ዘዴዎች ሲደክም ኖሯል። የድካሙም ፍሬ ከመስኮት መስተዋትና ከሸክላ አልፎ፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ279,000 ዓመታት በፊት ስለ ኖሩ አዳኞች ለመጠየቅ አስችሏል። ይህ ምንባብ በመጀመሪያ ተሰባሪ ቁስ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎ ስንጥቅ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥና ፍጥነቱ እንዴት እንደሚለካ፣ በመጨረሻም ከዚህ እውቀት የተገኘውን አንድ አገራዊ ጥናት ያብራራል።

1. ተሰባሪ ቁስ

ቁሶች ኃይል ሲያርፍባቸው የሚያሳዩት ጠባይ አንድ ዐይነት አይደለም። የብረት ሽቦ ሲታጠፍ ይታጠፋል፤ ቅርጹ ቢለወጥም ወዲያው አይበጠስም። መስተዋት፣ ሸክላ፣ ሲሚንቶና አብዛኛው ድንጋይ ግን እንዲህ አይደሉም። እስከ አንድ መጠን ድረስ ኃይሉን ሳይታጠፉ ይሸከማሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ በድንገት ይሰበራሉ። እንደዚህ ያሉት ቁሶች ተሰባሪ ይባላሉ።

ለብዙ ዘመን ሊቃውንትን ያስቸገረ አንድ ጥያቄ ነበር። በመስተዋት ውስጥ ያሉት አተሞች እርስ በርሳቸው የተያያዙበት ኃይል ሲሰላ መስተዋት እጅግ ጠንካራ መሆን ነበረበት። በተግባር ግን ስሌቱ ከሚያሳየው እጅግ ባነሰ ኃይል ይሰበራል። ለዚህ እንቆቅልሽ መልስ የሰጠው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ግሪፍዝ ነው። ግሪፍዝ እ.ኤ.አ. በ1921 በታተመው ጽሑፉ፣ በማናቸውም መስተዋት ገጽ ላይ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ጭረቶች መኖራቸውን፣ በመስተዋቱ ላይ ያረፈውም ኃይል በእነዚህ ጭረቶች ጫፍ ላይ እንደሚከማች አስረዳ። ጭረቱ ከተወሰነ ርዝመት ካለፈ፣ ስንጥቁ በመስፋቱ የሚለቀቀው ጉልበት አዲስ ገጽ ለመክፈት ከሚያስፈልገው ጉልበት ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ ሌላ ገፊ ሳያሻው በራሱ ይሮጣል።

ይህን ጠባይ በስሌት ሳይሆን በልምድ የተገነዘቡ ጠራቢዎች ቀድሞም ነበሩ። ከአክሱም ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው በጎቦድራ የድንጋይ ማውጫ ስፍራ፣ የጥንቶቹ ጠራቢዎች በአለቱ ላይ በተርታ የቆረቆሯቸው የሽብልቅ ጉድጓዶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ሽብልቅ በተርታ መትከል ማለት ስንጥቁ ከየት እንደሚጀምርና በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። በጁባ ድንጋይ የምትፈልጠው ሴትም አንዱን ቦታ ደጋግማ የምትመታው ጭረቱን እስከዚያ ወሳኝ ርዝመት ለማድረስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ከንቱ አልነበሩም፤ ለመጨረሻው ምት መንገድ ጠርገዋል።

2. የስንጥቅ ፍጥነት

ስንጥቅ ሩጫውን ከጀመረ በኋላ ምን ያህል ይፈጥናል? በተራ የመስኮት መስተዋት ውስጥ በሰከንድ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህም ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ፣ ከክላሽንኮቭ አፈሙዝ የሚወጣ ጥይት ካለው ፍጥነትም ሁለት እጥፍ ያህል ነው። አንድ ክንድ ገደማ፣ ማለትም 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መስተዋት አቋርጦ ለማለፍ ስንጥቁ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ዐሥር ሺኛ እጅ ሦስቱ ብቻ ነው። የሰው ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ቢያንስ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንጥቁ የሚሮጥበት መስተዋት ቢያገኝ ኖሮ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት የሚበልጥ መንገድ በሄደ ነበር።

ይሁን እንጂ ስንጥቅ የፈለገውን ያህል ሊፈጥን አይችልም። አንድ ቁስ በአንድ ቦታ ሲነካ ንክኪው ወደ ሌላው ቦታ የሚደርሰው በሞገድ አማካይነት ነው። የስንጥቁ ጫፍ ወደ ፊት እንዲገፋ የሚያስፈልገው ጉልበትም የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ስንጥቅ በቁሱ ገጽ ላይ ከሚጓዘው ሞገድ ቀድሞ መሮጥ እንደማይችል የፊዚክስ ስሌት ያሳያል። በመስተዋት ውስጥ ይህ ገደብ በሰከንድ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በተግባር የሚለካው ፍጥነት ግን የገደቡን ግማሽ ያህል ነው። ምክንያቱም ስንጥቅ እጅግ ሲፈጥን ቀጥ ብሎ መሄድን ይተዋል፤ ገጹ ይሻክራል፤ ከዚያም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይከፋፈላል። ጉልበቱም በብዙ ቅርንጫፎች ላይ ይባክናል። በጠጠር የተመታ መስተዋት እንደ ሸረሪት ድር የሚሰነጣጠቀው ስለዚህ ነው።

3. በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚለካበት ዘዴ

ይህን የመሰለ ፈጣን ድርጊት ለማጥናት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ቁሱን በታወቀ መጠንና በድንገት መምታት ነው። ሁለተኛው ስንጥቁ ሲሮጥ በየቅጽበቱ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ነው።

ለመጀመሪያው ጉዳይ የሚያገለግል አንድ የታወቀ መሣሪያ አለ። እንግሊዛዊው በርትራም ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1914 የድንገተኛ ምትን ኃይል በረጅም የብረት ዘንግ ለመለካት የሚያስችል ዘዴ አወጣ። ኸርበርት ኮልስኪ እ.ኤ.አ. በ1949 ዘንጉን ለሁለት ከፍሎ የሚፈተነውን ቁስ በመካከል እንዲገባ አደረገ። አንደኛው ዘንግ ጫፉን ሲመታ ሞገድ ይነሣና በቁሱ በኩል ወደ ሁለተኛው ዘንግ ይተላለፋል። በዘንጎቹ ላይ የሚለጠፉ መለኪያዎች የሄደውን፣ የተመለሰውንና ያለፈውን ሞገድ ይመዘግባሉ። ከሦስቱ መዛግብት ቁሱ ምን ያህል ኃይል እንደ ተሸከመና መቼ እንደ ተሸነፈ ይሰላል።

ለሁለተኛው ጉዳይ የተፈለሰፉት ዘዴዎች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ፎቶግራፍ፦ ጀርመናውያኑ ካርል ክራንዝና ሁበርት ሻርዲን እ.ኤ.አ. በ1929 ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው ፈጣን ካሜራ አስተዋወቁ። በዚህ መሣሪያ ብዙ የኤሌክትሪክ ብልጭታዎች በተራ ይበራሉ። እያንዳንዱ ብልጭታ በራሱ ሌንስ በኩል አልፎ በማይንቀሳቀስ ፊልም ላይ የራሱን ሥዕል ያትማል። ብልጭታው የሚቆየው እጅግ ለአጭር ጊዜ ስለሆነ የሚሮጠው ስንጥቅ የቆመ መስሎ ይታያል። ሻርዲን ይህን ዘዴ በመጠቀም የመስተዋትን ስንጥቅ ፍጥነት ለካ። በዛሬው ጊዜ በሰከንድ ሚሊዮን ሥዕል የሚያነሡ ዲጂታል ካሜራዎች ይህን ሥራ ይሠራሉ። እንዲህ ባለው ካሜራ ስንጥቁ ከአንዱ ሥዕል እስከ ሌላው የሚሄደው 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ለ. የኤሌክትሪክ መስመሮች፦ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ቀጫጭን መስመሮች ስንጥቁ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በእኩል ርቀት ይቀባሉ። ስንጥቁ እያንዳንዱን መስመር ሲበጥስ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። መስመሮቹ የተቋረጡበት ጊዜ ከታወቀ፣ ርቀቱን ለጊዜው በማካፈል ፍጥነቱ ይገኛል። የመጀመሪያው መስመር መበጠስ ካሜራውን ለማስነሣትም ያገለግላል። ይህም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሥዕል አንሺው ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ስብራቱ አልቆ ይጠብቀዋልና።

ሐ. የድምፅ ሞገድ፦ በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ፍራንክ ኬርክሆፍ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በሚያንቀጠቅጠው መስተዋት ውስጥ ስንጥቅ እንዲሮጥ አደረገ። ንዝረቱ የስንጥቁን አቅጣጫ በጥቂቱ ያወዛውዘዋል። በተሰበረው ገጽ ላይም እንደ ውሃ ሞገድ ያሉ ደቃቅ መስመሮች ይቀራሉ። ድምፁ በሰከንድ 1,000,000 ጊዜ የሚነዝር ቢሆንና በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የስንጥቁ ፍጥነት በሰከንድ 1,500 ሜትር ነበር ማለት ነው።

በእነዚህ ዘዴዎች ሁሉ አንድ ጥብቅ ደንብ ይጠበቃል። ሁለት መስተዋቶች ምንም መንትያ ቢመስሉ በገጻቸው ላይ ያሉት ጭረቶች አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ የሚሰበሩበት ሁኔታም አንድ አይሆንም። በመሆኑም ተመራማሪው በእያንዳንዱ ናሙና ላይ መጠኑ የታወቀ ጭረት ራሱ ያበጅለታል፤ ሙከራውንም በብዙ ናሙናዎች ይደጋግማል። በአንድ ናሙና የታየ ነገር ወሬ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

4. የተሰበረ ገጽ ንባብ

ከላይ የተጠቀሱት ዘዴዎች ስብራቱ በሚፈጸምበት ሰዓት መሣሪያ ተዘጋጅቶ መጠበቁን ግድ ይላሉ። ይሁን እንጂ ማንም ሳያየው፣ ምናልባትም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ስለ ተሰበረ ድንጋይ ምን ሊባል ይችላል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ስብራቱ ራሱ በገጹ ላይ የሚተወው ምልክት ነው።

የተሰበረ ወፍራም ብርጭቆ በብርሃን ፊት ሲታይ ስብራቱ የጀመረበት ስፍራ ልሙጥና አንጸባራቂ ነው። ከዚያ ራቅ ሲል ገጹ ጭጋግ የጋረደው ይመስላል፤ ቀጥሎም እየሻከረ ይሄዳል። ስለዚህ ተመልካቹ ስንጥቁ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሮጠ ይለያል። ከዚህም ሌላ በልሙጡ ገጽ ላይ ቀጠን ያሉ ጎባጣ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህ መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1939 አመጣጣቸውን ባብራራው በጀርመናዊው ሄልሙት ዋልነር ስም የዋልነር መስመሮች ይባላሉ።

የመስመሮቹ አመጣጥ እንደሚከተለው ነው። የሚሮጠው ስንጥቅ በመንገዱ ላይ አንዲት ጥቃቅን አረፋ ወይም ጉድፍ ሲያገኝ ይደናቀፋል። ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ ክብ ሞገድ እንደሚያነሣ ሁሉ፣ ከዚያች ነጥብም ቁሱን ወደ ጎን እያነቃነቀ የሚያልፍ ሞገድ ይነሣል። ይህ ሞገድ የጎን ሞገድ ሊባል ይችላል። ስንጥቁ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ሞገዱም በዙሪያው ይሰፋል። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ በገጹ ላይ ጭረት ይቀራል። ከአንዲት ነጥብ ተነሥቶ በግራና በቀኝ የሚዘረጋው ይህ ጭረት የወፍ ክንፍ ስለሚመስል የስብራት ክንፍ ተብሏል።

የክንፎቹ መካከል ማዕዘን የስንጥቁን ፍጥነት ይናገራል። ስንጥቁ ቀርፋፋ ከሆነ ሞገዱ በሁለቱም በኩል ርቆ ስለሚሄድ ክንፎቹ እጅግ ይዘረጋሉ። ስንጥቁ ፈጣን ከሆነ ግን ክንፎቹ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የስንጥቁ ፍጥነት የጎን ሞገዱ ፍጥነት በማዕዘኑ ግማሽ ኮሳይን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ በአንድ ድንጋይ ውስጥ የጎን ሞገድ በሰከንድ 3,600 ሜትር የሚጓዝ ይሁን። በክንፎቹ መካከል ያለው ማዕዘን 160 ዲግሪ ቢሆን የ80 ዲግሪ ኮሳይን 0.174 ስለሆነ ስንጥቁ በሰከንድ 626 ሜትር ያህል ሮጧል። ማዕዘኑ 140 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ የ70 ዲግሪ ኮሳይን 0.342 ስለሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1,231 ሜትር ይደርሳል። ስለሆነም ማይክሮስኮፕና የማዕዘን መለኪያ ያለው ሰው፣ ሞገዱ በዚያ ቁስ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ካወቀ፣ ስብራቱን ሳያይ ፍጥነቱን ሊያውቅ ይችላል።

5. የጋደሞታ ባልጩት

የስብራት ክንፍ በግልጽ የሚታየው መስተዋት መሰል በሆኑ ቁሶች ላይ ነው። ከተፈጥሮ ድንጋዮች መካከል ለዚህ የሚመቸው ባልጩት ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅላጭ ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር የተፈጥሮ መስተዋት ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆና በአካባቢው በብዛት ይገኛል። ስብራቱ ስለታምና የሚተነበይ በመሆኑ የጥንት ሰዎች መሣሪያ ይጠርቡበት ነበር። በመልካ ቁንጡሬ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ የመሥራት ጥበብም ከምድሩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በኮንሶና በጋሞ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች በድንጋይ መፋቂያ ሲጠቀሙ በተመራማሪዎች ተመዝግቧል።

ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ በሚገኘው የጋደሞታ ኮረብታ፣ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙዋልድ ሺልድ የተባሉ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቆፍረው ብዙ የባልጩት መሣሪያዎች አገኙ። ከመሣሪያዎቹም መካከል ጫፋቸው የሾለ በርካታ ነበሩ። የእነዚህን ዕድሜ ለማወቅ በጥንቱ ስፍራ ላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመረመረ። በአርጎን ጋዝ መጠን ላይ በተመሠረተው ዘዴ የአመዱ ዕድሜ 279,000 ዓመት ያህል መሆኑ ታወቀ። መሣሪያዎቹ ከአመዱ በታች ስለነበሩ ዕድሜያቸው ከዚህ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የሾለ ድንጋይ ሁሉ የጦር ጫፍ አይደለም። ቢላዋ ወይም መብሻ ሊሆን ይችላል። የጦር ጫፍ ቢሆን እንኳ በእጅ ተይዞ የሚወጋ ነበር ወይስ ከሩቅ የሚወረወር? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጦር የሚወጋ አዳኝ ከቆሰለው አውሬ ቀንድና ጥፍር አጠገብ መቆም አለበት። ጦር የሚወረውር ግን በራሱና በአውሬው መካከል ርቀት ያኖራል፤ ሕይወቱንም ያተርፋል። ድንጋዩን ከእንጨት ዘንግ ጋር አስተሳስሮ ሚዛኑን የጠበቀ ተወርዋሪ መሣሪያ መሥራትም አስቀድሞ ማሰብንና የተለያዩ ቁሶችን ጠባይ ማወቅን ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄው ስለ አንድ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው አእምሮ ታሪክም ነው።

የስንጥቅ ፍጥነት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ካርል ሀቺንግስ የተባለው ተመራማሪ ባልጩትን በልዩ ልዩ መንገድ እየሰበረ የስብራት ክንፎችን ለክቶ ነበር። በዝግታ ተጭኖ የሰበረው፣ በመምቻ ድንጋይ የመታው፣ በእጅ የወጋበት፣ የወረወረውና በቀስት የነደፈው እያንዳንዱ የሚያስከትለውን የፍጥነት ወሰን አነጻጸረ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተመ። ድንጋይ በዝግታ ሲገፋ ስንጥቁ በዝግታ ይጓዛል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲጋጭ ግን ስንጥቁ ይፈጥናል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያዊው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ዮናታን ሳህሌ ከሀቺንግስ፣ ከአጋዚ ነጋሽ፣ ከባለምዋል አጥናፉና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን መለኪያ በጋደሞታ ባልጩቶች ላይ ተጠቀመበት። ተመራማሪዎቹ የተሰበሩትን ጫፎች በማይክሮስኮፕ መርምረው የክንፎቹን ማዕዘን ለኩ። ከስብራቶቹም አንዳንዶቹ በእጅ ከመውጋት የሚገኘውን ፍጥነት የሚያልፉ ሆነው ስላገኟቸው፣ በጋደሞታ የኖሩት ሰዎች የድንጋይ ጫፍ ያለው ጦር ይወረውሩ ነበር ሲሉ ደመደሙ። በኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው ተገልጿል። የጋደሞታ ጦሮች ከዚህም ይቀድማሉ ማለት ነው።

6. ምስክሩ ሲመረመር

ምስክር ሁሉ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል። የጋደሞታ ባልጩትም ከዚህ አላመለጠም። ካትያ ዱዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ በጋደሞታ መሣሪያዎች ጫፍ ላይ የሚታዩት ስብራቶች ጠራቢው ጫፉን ለማሳል ሆን ብሎ ካሳረፈው ምት የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስረዳች። በዚህ አስተያየት መሠረት ስብራቱ የውርወራ ሳይሆን የጥረባ ምልክት ነው። ዮናታን ሳህሌና ዴቪድ ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በጻፉት መልስ የራሳቸውን አቋም አስረዱ። ክርክሩ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም።

እንዲህ ያለው ክርክር የሳይንስ ድክመት ተደርጎ መታየት አይገባውም። የክንፉ ማዕዘን የሚናገረው ስንጥቁ የሮጠበትን ፍጥነት ብቻ ነው። ያን ፍጥነት ማን እንደ ሰጠው፣ የጠራቢው መዶሻ ይሁን የአዳኙ ክንድ፣ ማዕዘኑ ብቻውን አይናገርም። ይህን ለመለየት ስብራቱ በመሣሪያው ላይ ያለበት ቦታ፣ አቅጣጫውና ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ያለው ግንኙነት መመርመር አለበት። መለኪያው እውነት ቢሆንም ትርጉሙ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ልኬትንና ትርጓሜን ለይቶ ማየት ለተመራማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

የስንጥቅ ጥናት በጥንታዊ ታሪክ ብቻ አይወሰንም። የአውሮፕላን መስኮት ወፍ ሲያርፍበት እንዳይበተን፣ የሲሚንቶ ድልድይ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ በድንገት እንዳይከፈል፣ የመኪና መስተዋት ቢሰበርም ተሳፋሪውን እንዳይቆርጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ የተመሠረተው በዚሁ እውቀት ላይ ነው። በመዶሻ ጠጠር ለሚፈልጡ ሰዎችም የሚሰጠው ትምህርት አለ። ጉልበት የተጠራቀመበት ድንጋይ ሲሰበር ስባሪው ከዐይን ቅጽበት ይቀድማልና፣ የዐይን መከለያ ማድረግ ምቹ ልማድ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው።

እንግዲህ ስብራት ለተመልካች የቅጽበት ድርጊት ቢሆንም ታሪኩን በገጹ ላይ ጽፎ ያልፋል። ጽሑፉን ለማንበብ ግን ፊደሉ አስቀድሞ በሙከራ መጠናት ነበረበት። ማንም ያላየው የጥንት ስብራት ዛሬ የሚጠየቀው፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ በዐይን ምስክር ፊት በትዕግሥት የተሰበሩ ብዙ መስተዋቶችና ባልጩቶች ስላሉ ነው።

የቃላት ፍቺ

ተሰባሪ፦ ከመታጠፍ ይልቅ በድንገት የሚሰበር።
ሽብልቅ፦ አንድን ነገር ለመሰንጠቅ የሚመታ፣ አንድ ጫፉ የቀጠነ እንጨት ወይም ብረት።
ባልጩት፦ ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ጥቁር የተፈጥሮ መስተዋት።
ቅላጭ፦ በሙቀት ብዛት የቀለጠ ነገር።
መስቀለኛ ጥያቄ፦ የምስክርን ቃል እውነትነት ለመፈተን የሚቀርብ ጥያቄ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።
1. መስተዋት በስሌት ከሚጠበቀው ባነሰ ኃይል የሚሰበረው ለምንድን ነው?
2. በመዶሻ የሚመቱት የመጀመሪያዎቹ ምቶች ከንቱ አይደሉም የተባለው ስለ ምንድን ነው?
3. የስብራት ክንፍ እንዴት ይፈጠራል? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
4. በክንፎቹ መካከል ያለው ማዕዘን ሲጠብ የስንጥቁ ፍጥነት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?
5. በጋደሞታ ባልጩት ላይ የተነሣው ክርክር ስለ ልኬቱ ነው ወይስ ስለ ትርጓሜው? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ለ. «ምስክር ሁሉ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በምንባቡ ውስጥ ያለውን መልእክት በአንድ አንቀጽ አብራሩ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ድንጋይ የሚጠርብ ወይም ሸክላ የሚሠራ ባለሙያ ጠይቃችሁ፣ ሥራው ሳይሰበር የሚፈጸምበትን ጥበብ የሚያብራራ አጭር ድርሰት ጻፉ።